ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ?

መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ርእስ ይጽፉ ነበር፦ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ?» ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል መምህራኑ ተቀያየሩ፤ ርእሱ ግን አልተቀየረም። የእኛም መልስ እንደዚያው። «ወላጆቼን በሥራ በማገዝ፣ ከጓደኞቼ ጋር በመጫወትና መጻሕፍትን በማንበብ አሳለፍኩ» ብለን እንጽፋለን። ሰቆጣ ላይ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ሌላ መጽሐፍ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ልጅ ስንት እንደነበር እኛው እናውቃለን፤ ግን ይጻፋል። ደብተሩ ተሰብስቦ ይሄድና ከሳምንት በኋላ በቀይ እስክርቢቶ «8/10» ተብሎ ይመለሳል። ሌላ አንድ ቃል የለበትም። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ ማንም ምንም ጻፉ አይለንም።

ይህን የማነሣው የልጅነት ትዝታ ለማውጋት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ገባ። ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም በዚያው ቆየች። አበርገሌና ፃግብጂ ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት ከጦርነቱ ቀጠና አልወጡም፤ ነዋሪዎቻቸው ሰቆጣ ላይ በመጠለያ ኖሩ። በዚያ ዓመት መስከረም ሰቆጣ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆሞ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ?» የሚል መምህር አልነበረም። እውነተኛ መልስ ያለው ክረምት ሲመጣ ጠያቂው ጠፋ።

ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረው ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። ያየውን እስካሁን የጠየቀው የለም። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ከትምህርት ቤት ይወጣል። ወይ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ወይ ወደ ከተማ ይሰደዳል፣ ወይ እርሻው ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ያየውን ይዞት ይሄዳል።

የዛሬው ጽሑፌ የሚለው አንድ ነገር ነው። ዋግ ብዙ የተጻፈበት፣ ራሱ እንዲጽፍ ግን እምብዛም ያልተጠየቀ አገር ነው። ይህን መቀየር ከምንጀምርባቸው መንገዶች ርካሹና ቅርቡ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በክረምት ለአካባቢያቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት እንዲሰጡ ማድረግ ነው። «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ቁርጥራጩ ሁሉ በራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ፤ ያልተደረገው አንድ ላይ መስፋቱ ነው።

◾️ ስለ ዋግ ማን ጻፈ?

ከሩቁ እንጀምር። የዛግዌ ነገሥታት የአገው ልጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ እስኪያልፍ ድረስ አገር ገዝተዋል፤ ዓለም እስከ ዛሬ የሚደነቅባቸውን አብያተ ክርስቲያናት ከድንጋይ ፈልፍለዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ግን አልተዉልንም። የቤተ መንግሥቱም የቤተ ክህነቱም ጽሕፈት ግእዝ ነበር። አገውኛ የቤት፣ የእርሻና የለቅሶ ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ።

ኽምጣናን፣ ማለትም ብዙ ሰው በደፈናው «አገውኛ» የሚለውን የዋግን ቋንቋ፣ ወረቀት ላይ ያሰፈሩት የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለዚህ ቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የአበርገሌውን አነጋገር አጠና። እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዛዊው ዴቪድ አፕልያርድ የሰዋስው ጥናቱን አወጣ። ሦስቱንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። የዋግ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በገዛ ቋንቋው ስሙን መጻፍ ከመማሩ ከመቶ ዓመት በፊት፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ አንባቢ የቋንቋውን ግሥ እርባታ በመጽሐፍ ማየት ይችል ነበር።

ከዚያ ደግሞ ረሀቡ መጣ። በጥቅምት 1977 የቢቢሲ ካሜራ የዋግ ጎረቤት ከሆነችው ከኮረም ያሳየው ምስል ዓለምን አስለቀሰ። እዚያ ሜዳ ላይ ከተኮለኮለው ሕዝብ ውስጥ ከዋግ ተራሮች በእግሩ የወረደ ገበሬ ብዙ ነበር። ዓለም ፊቱን አየ፤ ስሙን አልጠየቀም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የከተማችን ስም ጄኔቫና ኒው ዮርክ አዳራሽ ውስጥ ሲጠራ፣ የሚጠራው ከልጆቿ ቁመት ማነስ ጋር ነው።

ቋንቋ አጥኚው ጻፈን። ጋዜጠኛው ጻፈን። የእርዳታ ድርጅቱ በየዓመቱ ይጽፈናል። ሙያው ነውና እኔም ጋዜጠኛ ሆኜ ሰው ስጽፍ እውላለሁ። የተጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። የጎደለው ሌላ ነው። ከውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው የለበትም፤ የሚስቅም፣ የሚቀልድም፣ የሚቆጣም የለበትም። በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ የዋግ ሰው ወይ ይራባል ወይ ይሰደዳል። በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያገባል፣ ይጣላል፣ ፍየሉ ይጠፋበታል፣ ጎረቤቱን ያማል።

◾️ አያቶቻችን ያውቁበት ነበር

«የፈጠራ ጽሑፍ በትምህርት አይገኝም፤ ተሰጥኦ ነው» የሚባለውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህን የሚለው ሰው ቅኔ ቤት የሚባል ነገር የነበረበትን፣ አሁንም ያለበትን አገር ረስቶ ነው።

የቅኔ ቤት አሠራርን አስቡት። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ይሰማል፣ ምሥጢሩን ያወጣል። ከዚያ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ጥግ ሄዶ የራሱን «ይቆጥራል»። የሚጀምረው ከትንሹ ነው፤ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ቤት ያፈረሰውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ያርማሉ፤ ጓደኞቹም ይሰሙታል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይዞ መምጣት አለበት። የትናንቱን መድገም የለም፤ የሌላ ሰውን አምጥቶ የእኔ ነው ማለትም ነውር ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያርምበት «ዎርክሾፕ» አለ። ስመ ጥሩ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1936 የጀመረው ነው። የእኛ ቆሎ ተማሪ ያን ያህል ዘመን ሳይጠብቅ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ የዋድላው ነው፤ ዋድላ ደግሞ ከላስታና ከዋግ ሩቅ አይደለም። ማለትም ይህ ብልሃት ከሌላ ክፍለ ዓለም የሚመጣብን ሳይሆን በእኛው ደጋ የነበረ ነው።

ቅኔ ቤት ጉድለት አልነበረውም አልልም። ቋንቋው ግእዝ ነው። በሩም ለሴቶች ጠባብ ነበር፤ የጎጃሟ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ጎበዝ ስለነበሩ ብቻ ሳይሆን ብርቅ ስለነበሩም ነው።

የዋግ ሴቶች ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ስሙ ሻደይ ነው። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየደጃፉ ይጨፍራሉ። የሚዘፍኑት ከእናቶቻቸው የተቀበሉትን ብቻ አይደለም። የሚያወድሱትን ሰው አይተው፣ የሚነኩትን ነክተው፣ ግጥሙን እዚያው ይጨምሩበታል። ነሐሴ ሲያልቅ ያ ሁሉ ግጥም አብሮ ያልቃል። በመስከረም ያችው ልጅ ክፍል ገብታ «ክረምቱን ወላጆቼን በማገዝ አሳለፍኩ» ብላ ትጽፋለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ገጣሚ እንደነበረች የነገራት የለም።

◾️ ዩኒቨርሲቲው ግጥም የፈራበት ዘመን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተማሪዎቹ በየዓመቱ በሚያከብሩት «የኮሌጅ ቀን» የግጥም ውድድር ማካሄድ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙበት የነበረ በዓል ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር፤ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ባማረ አማርኛ ሲገጥሙ መስማት የማይወድ ማን ነው? በ1953 ዓ.ም. ግን፣ ከታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወራት በኋላ፣ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። ርእሱ ብቻ ነገሩን ይናገራል። እስከዚያ ቀን ስለ ድሃው ይነገር ነበር፤ ያን ቀን ድሃው ራሱ ተናጋሪ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ የኮሌጅ ቀን ግጥም ከመዝናኛነት ወጥቶ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። ቁጥጥር መጣ፤ ቅጣትም ተከተለ። በዚያው ሰሞን የአዳሪነቱ ሥርዓት ራሱ ቀረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ተነበበ፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ወጣት እንዲጽፍ መድረክ ከሰጠኸው እውነቱን ይጽፋል። ሁለተኛ፣ መንግሥት ይህን ሲያይ መድረኩን ያጠብባል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ትምህርት በደንብ አጥንተውታል። የመጀመሪያውን ግን የዘነጉት ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ሌላ ትልቅ ነገርም ተጀምሯል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ እንዲያገለግል ተደነገገ። «የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ይባላል። አብዛኞቹ የሄዱት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ደጁን ከፍቶ ወደ ገጠሩ ተማሪ የሄደበት የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ይኸው ነው። የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ከተማሪዎቹ በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጥ፣ አዲስ መጽሐፍና አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። የተማሪው እንቅስቃሴ ከስድስት ኪሎ ወጥቶ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዛመተበት አንዱ መንገድ ይህ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። እነዚያ ወጣት መምህራን ለተማሪዎቻቸው ብዙ ነገር ተናገሩ። «እስቲ አንተ ጻፍና አሳየኝ» ያለው ግን ጥቂት ነው። የተማረው ሰው ይናገራል፤ የአገሬው ልጅ ይሰማል። ይህ አመላችን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

◾️ ሁለት ዘመቻዎች

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲና የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ከመምህራኖቻቸው ጋር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። ወደ 60 ሺህ ገደማ ነበሩ። ስለዚያ ዘመቻ ብዙ ተብሏል፤ ወጣቱን ከከተማ ለማራቅ ነው የሚለውም፣ ወጣቱ ገበሬውን ያወቀበት ነው የሚለውም እውነት አለው። ከዚያ በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ወሩን ልብ በሉት፤ ሐምሌ ነው፣ ክረምት ነው። ተማሪ በክረምት መምህር ሆነ። እናቱን፣ አያቱን፣ ጎረቤቱን ፊደል አስቆጠረ። ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከማግኘት ደረሰ። በዚያ ሥርዓት ብዙ የሚወቀስ ነገር ቢኖርም፣ ይህን አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

ሆኖም ለእኛ ለዋግ ሰዎች የሚያስቆጭ ነገር ነበረበት። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ አገውኛ ግን፣ ኽምጣናውም አዊኛውም፣ ከ15ቱ አንዱ አልነበረም። የዋግ እናት ፊደል ስትቆጥር የቆጠረችው ቤቷ ውስጥ በማትናገርበት ቋንቋ ነበር። ሌላም አለ። ማንበብ የተማረው ሰው የሚያነበው የተዘጋጀለትን ነበር፤ ስለ ኅብረት ሥራ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አብዮቱ። «አሁን ፊደል ለይተሻል፤ የምታውቂውን ተረት ጻፊው» ያላት አልነበረም። ፊደሉ ተሰጣት፤ ብዕሩ አልተሰጣትም።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲና የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከመጡ በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። ኽምጣና ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ በክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ይሰማል። በግእዝ ፊደል ይጻፋል። ግን አሁንም በአብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍና የዜና ቋንቋ ነው። አንድ ቋንቋ ከሞት የሚድነው መማሪያ መጽሐፍ ሲኖረው ብቻ አይደለም፤ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፍበት ነው። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የመጀመሪያ ታሪኮቹን ያወጣው በማኬሬሬ ኮሌጅ ተማሪዎች ትንሽ መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ ነበር። ስሙ ዓለም ከዞረ በኋላ ነው ዞሮ ወደ ጊኩዩ ቋንቋው የተመለሰው። እኛ ያን ያህል መዞር አይጠበቅብንም፤ ልጁን እዚያው ቤቱ ሳለ መጠየቅ እንችላለን።

◾️ የዛሬው ክረምት

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ዩኒቨርሲቲ በክረምት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መቀበል ለአገራችን አዲስ አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከል አለው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ሲዘጋ ቤተ ሙከራ ገብተው በእጃቸው ይሠራሉ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ማዕከላት አሏቸው። ከዚህም ሌላ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ አሉ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር ማኅበረሰብን እንዲያገለግሉ ይጠብቃል። ስለዚህ ሕጉም ልማዱም አለ።

የሌለው ጽሑፉ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል አለ፤ ለራሱ ተማሪዎች የፈጠራ ጽሑፍ ኮርስ ይሰጣል፤ ክረምት ሲመጣ በሩ ይዘጋል። ፊዚክስ ለገጠር ልጅ ያስፈልጋል ብለን ስናምን፣ ሐሳብን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ማስፈር አያስፈልግም ያልነው በምን ሒሳብ ነው?

ውጤቱን ደግሞ እያየነው ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። አገር ደነገጠ፤ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት ተወራ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ፈተናው ራሱ ከሀ እስከ መ ያሉ ምርጫዎችን ማጥቆር ነው። አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ፣ አንድም ጊዜ ሁለት ገጽ የራሱን ሐሳብ ሳይጽፍ፣ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ መድረስ ይችላል። የማይፈተን ነገር አይሰጥም፤ የማይሰጥ ነገር ይረሳል። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ጻፍ ስባል፣ ከመስከረሟ የክረምት ድርሰት ሌላ ልምድ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ባዶ ወረቀት ሳይ ከረምኩና ከጓደኛዬ ገለበጥኩ።

◾️ እንዴት ይሁን?

ሐሳብ አቅርቦ ዝም ማለት ቀላል ስለሆነ ዝርዝሩን ልጨምር።

ቦታው ሰቆጣ ይሁን። በአማራ ክልል አሥር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የአንዱም ዋና ግቢ ዋግ ኽምራ ውስጥ አይደለም። ልጆቹን ወልድያ ወይም ባሕር ዳር መውሰድ ወጪ ነው፤ ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭትም መንገዱ ለልጅ የሚታመን አይደለም። ሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ዩኒቨርሲቲው ሁለት መምህራን ልኮ ከኮሌጁ ጋር ቢሠራ አዳራሹ፣ ወንበሩና ጥቁር ሰሌዳው አለ።

ጊዜው ሦስት ሳምንት ቢሆን ይበቃል፤ ግን የገበሬን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይምረጠው። ሐምሌ የእርሻና የአረም ወር ነው፤ ልጁ ለቤቱ ጉልበት ነው። ተከዜና ጥራሪ ሲሞሉ ደግሞ ከዝቋላና ከሳህላ ወገን ያለ ልጅ ሰቆጣ መድረስ ይቸግረዋል። ከነሐሴ አጋማሽ፣ ከሻደይ ሰሞን ተነሥቶ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ይሻላል። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤተሰብ እያስመጡ የሚማሩ ናቸው፤ ለእነዚያ ሳምንታት ምሳ መታሰብ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ ሻደይ ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ወይም ከእትዬ እገሊት ዘንድ ሄዶ የድሮ የሻደይ ግጥም በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ኽምጣና ከሆነ በኽምጣና፣ አማርኛ ከሆነ በአማርኛ። ከዚያ የራሱን ይጨምርበት። ሁለተኛው ሳምንት የሽማግሌዎች ነው። የ1966ቱን፣ የ1977ቱን ያዩ አባቶችና እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ልጁ ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ በእነርሱ አንደበት ይጻፍ። ሦስተኛው ሳምንት የራሱ ነው፤ የፈለገውን፣ በፈለገው ቋንቋ። በየቀኑ እንደ ቅኔ ቤቱ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ መምህሩ ያርማል፤ በማግሥቱ አስተካክሎ ይመጣል። «8/10» የለም።

የአካባቢው የቋንቋ መምህራንም አብረው ተቀምጠው ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ግቢው የትምህርት ቤት መምህራንን በዕረፍት ወራት ሰብስቦ መጀመሪያ ራሳቸው እንዲጽፉ አደረገ። ጽሑፍ የማይጽፍ መምህር ጽሑፍ ማስተማር አይችልም ብለው ነው። ከዚያ ተነሥቶ አገር አቀፍ ሥራ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በሦስት ሳምንት ይሄዳሉ፤ መስከረም ላይ ሰሌዳው ፊት የሚቆመው የሰቆጣው መምህር ነው።

መጨረሻ ላይ የልጆቹ ሥራ በፎቶ ኮፒም ቢሆን ተጠርዞ መጽሔት ይሁን። አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ አዲስ አበባ ወመዘክር ይቀመጥ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የዋግን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ሌላ የሚገልጠው ነገር ያግኝ።

◾️ «ግን እኮ...»

«ሕዝቡ ተርቦ ግጥም?» የሚለኝን እሰማዋለሁ። በ2015 እና በ2016 እንኳ ሳህላና ዝቋላ ላይ ድርቁ ከብት ጨርሷል። እህል ይቅደም፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ረሀባችን ለረጅም ጊዜ ሳይሰማ የኖረው አንዱም የሚናገርልን ሰው ከሩቅ እስኪመጣ ስለምንጠብቅ ነው። የ1966ቱ የወሎ ረሀብ ተደብቆ ቆይቶ ይፋ የወጣው የውጭ ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ሲመጣ ነው። መጻፍ የሚችል ልጅ ያለው ቀበሌ ካሜራ አይጠብቅም።

«የጦርነቱን ቁስል ልጅ ላይ መቀስቀስ አይሆንም?» ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። መልሴ፦ ማንም ልጅ ስለ ጦርነቱ ጻፍ አይባል። ስለ ፍየሉ መጻፍ ከፈለገ ስለ ፍየሉ ይጻፍ። ጦርነቱን ከጻፈ ደግሞ ስሙ ሳይወጣ፣ እሱ ሳይፈቅድ ምንም አይታተም፤ ፌስቡክ ላይ ፎቶው አይለጠፍ። አጠገቡም ልጅን ማዳመጥ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

«ፖለቲካ ይገባበታል» የሚለው ደግሞ እውነት ነው፤ የኮሌጅ ቀን ታሪክ ምስክር ነው። የትኛውም ወገን ልጆቹን የራሱን መዝሙር ሊያስጽፋቸው ይሞክራል። ሥራው በዞኑ ካቢኔ ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ እጅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ነገር ግን ልጅ መጥፎ ነገር ይጽፋል ብሎ እንዳይጽፍ ማድረግ ልጁን ዝም አያሰኘውም፤ ሌላ ቦታ ሄዶ፣ በሌላ ሰው ቃል እንዲናገር ያደርገዋል። ስልኩን ከፍታችሁ እዩ፤ ወጣቱ ቀን ከሌት እየጻፈ ነው። የሚጽፈው ግን ስድብ ነው፤ ስድቡም የራሱ አይደለም፣ የተቀበለው ነው።

ሥራው ትንሽ ነው። ሁለት መምህራን፣ ሠላሳ ልጆች፣ ሠላሳ ደብተር፣ ሦስት ሳምንት ምሳ። አንድ ቀን የሚፈጅ የሆቴል ዐውደ ጥናት ከዚህ በላይ ያወጣል። ይህን የሚያነብ የወልድያ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር ካለ፣ ደብዳቤ ከላይ እስኪወርድ አይጠብቅ። የሰቆጣ መምህር ካለም ዩኒቨርሲቲ እስኪመጣ አይጠብቅ። በመጪው መስከረም ያችኑ የድሮ ርእስ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ርእሱ መጥፎ አልነበረም። የዚህን ጊዜ ግን «ወላጆቼን በማገዝ» የሚል መልስ ሲመጣለት ደብተሩን በ«8/10» አይመልሰው። ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ አንድ ጥያቄ ይጨምርበት፦ «ምን እያገዝክ? ያን ቀን ምን ሆነ?»

ሰላም ለዋግ፣ ሰላም ለአገራችን።